ሳር የታሰረበት ገንቦ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በቦኖው አጠገብ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ግን አንድም ሰው አልዘልም። አንደኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ፤ በካኪ ኮታቸው የደረት ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ። ሁለተኛው ከውሃ ክፍል የመጡት የቧንቧ ባለሙያ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሽማግሌነት የተጠጋ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው። ሦስተኛው ቦኖውን የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን በግንዱ ላይ አስደግፎ ቆሟል። አራተኛው የጎረቤታችን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ለስብሰባው ብለው ጫማ አድርገው መጥተው ጫማው ስለጠበባቸው የአንድ እግራቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። አምስተኛዋ ከዚያው ማኅበር የመጡ አሮጊት ናቸው። እሳቸውን ማንም አልጠራቸውም፤ በራሳቸው መጡ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ የቦኖው ተቆጣጣሪ፣ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ።

የሚወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከተማው ለዚያ ገበሬ ማኅበር ውሃ መሸጡን እስከ ዝናብ ይቀጥል ወይስ ያቁም? ወሩ የካቲት ነው። የእነሱ ኩሬ ታቹ ጭቃ ሆኗል፤ ሌላው ውሃ የሐይቁ ነው፤ እሱም ሩቅ፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ስለዚህ እኛ «የውሃ ሽያጭ ጉዳይ» ብለን በመዝገብ የጻፍነው ነገር ለእነሱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር።

ቦኖው በከተማው መጨረሻ፣ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አራት ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የቆርቆሮ ጎጆ፣ የሲሚንቶ መደብ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የከተማው ሰው ይቀዳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደግሞ ለገበሬ ማኅበሩ ይሸጣል። የፈቃዱ ደብዳቤ ማኅተም ያለበት ሲሆን በጎጆው ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። ሁለት ደንብ ነበረው፤ አንድ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ይቀዳል፣ የተገዛ ውሃ መልሶ አይቸረቸርም።

እኔ ይህን ሥራ ያገኘሁት ስለ ቧንቧ ራሴን ስላስተማርኩ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሽፋኑ የተገነጠለ የቧንቧ ሥራ መጽሐፍ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቼ፣ ያልገባኝን ሥዕል በወረቀት እየገለበጥኩ፣ ጋሼን እየተከተልኩ ተማርኩ። ብዙ አልናገርም ነበር፤ እጽፍ ነበር። ቆጣሪውን ጠዋትና ቀትር አንብቤ ከነሽርፍራፊው እመዘግባለሁ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካገኘሁ በአንድ ደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ እቆጥራለሁ። ሰው ሲስቅብኝ አይከፋኝም ነበር፤ የማያይ ሰው ነው የሚስቀው ብዬ አስብ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ተራ ሲቀያየር፣ የከተማዎቹ ሴቶች ባልዲያቸውን ሲያነሱና የገጠሮቹ ገንቦ ሲያወርዱ፣ ሁልጊዜ ጨዋታ አይጠፋም ነበር።

«አንቺ፣ ይሄ ገንቦ ነው ወይስ ጎተራ? ሐይቁን ልትሸከሚው ነው?» ትላለች የከተማዋ።

«ሐይቁማ ከእናንተ ሳሙና የተረፈ ቢሆን እሸከመው ነበር» ትላለች የገጠሯ፤ ሁሉም ይስቃሉ።

እኔ ግን አልስቅም ነበር። ገንቦዎቹን እያየሁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሌሎቹ የተለየ ገንቦ አየሁ። ጥቁር ነው፤ አንድ ጆሮው ተሰብሯል፤ አንገቱ ላይ እርጥብ ሳር ሁለት ዙር ታስሮበታል። እሑድ ያው ገንቦ ተመልሶ መጣ፤ ግን የተሸከመችው ሌላ ሴት ናት። ሰኞ ደግሞ ሦስተኛ ሴት። ደብተር አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ከዚያ ልቅዳ፤

«ሰኞ። ጥቁር ገንቦ፣ ጆሮው አንድ፣ ሳር የታሰረበት። ተሸካሚዋ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ ቀጭን። የራሷን ገንቦ አላመጣችም።»

«ማክሰኞ። ያው ገንቦ። ሳሩ አዲስ ነው፣ ትናንት ጠውልጎ ነበር። ተሸካሚዋ ጠና ያለች፣ በግራ እግሯ የምታነክስ። የራሷን ገንቦ አላመጣችም።»

ይህን ለዘጠኝ ቀናት ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ሴት፣ አንድ ገንቦ። ከዘጠኙ አንዷም የራሷን ገንቦ በዚያ ቀን ይዛ አልመጣችም። በማግስቱ ግን ያለፈው ቀን ተሸካሚ የራሷን ይዛ ትመጣለች።

በዚያን ጊዜ የምንሰማው ስለ አሻጥረኛ ብቻ ነበር። በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በግድግዳ ጽሑፍ፤ ስኳር የሚደብቅ፣ ጨው የሚያከማች፣ የሕዝብን ንብረት የሚቸረችር። እኔም ዘጠኙን ገጽ ደርድሬ አየሁና አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ አንድ ቸርቻሪ አለ፣ ሴቶቹን በተራ ቀጥሮ ውሃ ያስቀዳል፣ ገንቦውን እንዳይጠፋበት በሳር ምልክት አድርጎበታል። የራሳቸውን ገንቦ አለማምጣታቸው ለመቀጠራቸው ማስረጃ ሆነኝ። ሁሉም ነገር ገጠመ። ሲገጥም ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የተበላሸ ቧንቧ የት እንደተበላሸ ሳገኝ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ገንቦውን ያመጣችውን ሴት አስቆምኳት። ወጣት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ያሰረችበትን የእንሰት ቃጫ ገመድ ገና አልፈታችም።

«ይህ ገንቦ ያንቺ ነው?» አልኳት።

«የእኔ አይደለም።»

«ያንቺ ካልሆነ የማን ነው?»

የአብዮት ጠባቂውን ጠመንጃ አየችና ዝም አለች። አሁን ሳስበው ጠመንጃ በያዘ ሰው ፊት የሰው ስም መጥራት ማን ይወዳል? ያኔ ግን ዝምታዋንም ጻፍኩት፤ «የባለቤቱን ስም ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነችም።» ገንቦውን ወስጄ ባዶውን ጎጆው ውስጥ አስቀመጥኩ። እሷ ገመዷን ብቻ ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ካርቦን ወረቀት። እንዳይደበዝዝ እስክሪብቶውን ጫን ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ንቁ ወጣት ማለት ይህ ነው» አሉኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ይህችን ዓረፍተ ነገር በውስጤ ደጋገምኳት። ማንም ሰው ስለ ጽሑፌ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ስብሰባው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ እዚያው ቦኖው ዘንድ እንዲሆን ተቀጠረ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው የመጡት አሮጊቷ ነበሩ። ገና የከተማው ሰው እየቀዳ ነው። በቀጥታ ወደ ጎጆው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«ደህና አደሩ እማማ?» አልኳቸው።

«ደህና አላደርኩም። ገንቦዬ ታስሮ እንዴት ደህና አድራለሁ? ሰው ሲታሰር አይቻለሁ። በሬ ሲታሰር አይቻለሁ። ገንቦ ያሰረ አንተን አየሁ።»

አብዮት ጠባቂው ሳቀ። እኔ ፊቴ ጋለ።

«ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል። ገንቦው ማስረጃ ነው» አልኩ።

«ማስረጃ ምንድን ነው?»

«የተሠራውን ነገር የሚያሳይ።»

«እሺ። ምን ተሠራ?»

ነገርኳቸው። ደብተሩንም አሳየኋቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«የልጄ ሚስት ወለደች» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሆናት። እኔ ጉልበቴ ገንቦ አይችልም። አራስ ውሃ አትቀዳም። በእኛ መንደር የአራስ ቤት ገንቦ ሳር ይታሰርበታል፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ዛሬ የዚያች ተራ ነው፣ ነገ የዚህች። ተራ የደረሳት የራሷን ገንቦ ትተወዋለች፤ ሁለት ገንቦ በአንድ ጀርባ አይሆንማ። ያን ቀን የእሷ ቤት በተረፈችው ውሃ ያድራል። ነገ ደግሞ እሷ ትወልዳለች፣ ገንቦው ይዞርላታል።»

ሳሩን የጻፍኩበትን ገጽ ገለጥኩ።

«ሳሩን ሰው ሁሉ ያውቃል» አሉ። «የማታውቀው ፍየል ብቻ ናት። እሷም ልትበላው ብላ ነው።»

አብዮት ጠባቂው አሁንም ሳቀ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ። የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ጆሮው አንድ መሆኑ፣ ሳሩ በየቀኑ አዲስ መሆኑ፣ ሴቶቹ የራሳቸውን አለማምጣታቸው። አንድም ቃል ሳይለወጥ ነገሩ በሙሉ ተገለበጠ። ቀጠራቸው ያልኩት ሰው የለም። የራሷን ቤት ውሃ ትታ ለሌላ ቤት የቀዳችውን ሴት ነው አሻጥረኛ ያልኩት።

የእኔ ወላጆች ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። በእናቴ አገር ለአራስ ቤት እያንዳንዷ ጎረቤት በራሷ ዕቃ ውሃ ታመጣለች፤ ገንቦ አይዞርም፣ ሳር አይታሰርም። ስለዚህ አለማወቄ እውነት ነው። ነገር ግን ቋንቋቸውን ለገበያ የሚበቃ ያህል እሰማ ነበር። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ «ይህ ሳር ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ጠብታ የምቆጥር ሰው ይህን አልጠየቅኩም።

«እንግዲህ ንገራቸው» አሉኝ አሮጊቷ። «እኔ ስናገር ሴትዮዋ ለራሷ ነው ይላሉ። አንተ የጻፍከው ነህ፤ አንተ ብትነግራቸው ይሰማሉ። ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

እንዲህ ብያለሁ። በግልጽ፣ በአፌ።

ስብሰባው በመፈክር ተከፈተ፤ ስድስት ሰዎች ከግራር ሥር እጃችንን አነሳን። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን እንዳነብ አዘዙኝ። አነበብኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ላቁም አልኩ፤ ድምፄ ግን ጥሩ ይወጣ ነበር፣ ጽሑፉም ያምር ነበር፣ አላቆምኩም። ጨርሼ ስቀመጥ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባዶ እግራቸውን ጫማ ውስጥ መልሰው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የአራስ ቤት ገንቦ ነው» አሉና አሮጊቷ የነገሩኝን፣ ባጭሩ፣ በተቆራረጠ አማርኛ ተናገሩ። «ውሃ የሸጠ የለም። ውሃ ያጣም አለ፤ እኛ ለአራስ ስንል።»

የእኛ ሊቀመንበር ፈገግ አሉ። «በፀረ አሻጥር ዘመቻው ጊዜ ስኳር የደበቀም እንዲሁ ለአራስ ነው ይል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እዚሁ አዋሳ ተወልደህ ያደግክ ልጅ ነህ። ከሕዝቡ ጋርም በየቀኑ ትውላለህ። እንዲህ ያለ ልማድ አለ?»

አሁን ነበር የሚነገረው። አሮጊቷ ከግንዱ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። ሊቀመንበሩ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው ይጠብቃሉ። በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ጠርዝ ላይ በእጃቸው የጻፉት «በጣም ጥሩ» የሚል ቃል ይታየኛል።

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አልኩ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳየው ሰንብቼ።

ጋሼ ብቻ አንድ ነገር ተናገሩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዋናው ቧንቧ የሚያልፈው በእነሱ ማሳ ነው። ስንቆፍር እንሰታቸውን በገዛ እጃቸው ነቅለው አሳልፈውናል። ያን ጊዜ ውሃ እንሸጥላችኋለን ብለን ቃል ገብተናል።»

«መሬቱ የመንግሥት ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ውሃውም የመንግሥት ነው። ቃሉን እናከብራለን፤ ሥርዓት ሲይዙ።»

አሮጊቷ በሲዳምኛ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንድ ነገር አሉ። እሳቸው አልተረጎሙትም። እኔ ግን ገባኝ። «ልጁ ፈርቷል፤ ተወው» ነበር ያሉት። ገብቶኝ እንደሆነ አላወቁም መሰለኝ። ወይም አውቀው ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ ገበሬ ማኅበሩ ከየቤቱ ውሃ የምትቀዳዋን ሴት ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ በማኅተም አስደግፎ እስኪያቀርብ ድረስ ሽያጩ ይቆማል። ዝርዝሩ ውስጥ ስሟ የሌለ፣ ለሌላ ቤትም የምትቀዳ፣ አይፈቀድላትም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በጣታቸው ፈረሙ፤ አሻራቸው እንዳይዝረከረክ ወረቀቱን አጥብቄ ያዝኩላቸው።

ሲበተኑ ገንቦውን ከጎጆው አውጥቼ ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው። ሳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። አጠገባችን ያለው ቧንቧ አልጠበቀም ነበር፤ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል።

«እማማ፣ ልሙላልዎትና አብዮት ጠባቂው ያድርስልዎት» አልኩ።

«ተከለከለ አላችሁ አይደል?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ልክ እንደ እኔ፣ የተባለውን በትክክል መድገማቸው ነበር። ባዶውን ገንቦ በጎናቸው አቅፈው፣ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ ቆመው እያረፉ፣ በመንገዱ ሄዱ። ገንቦው ባዶ ሆኖ ሁለት ጊዜ ካሳረፋቸው፣ ጉልበታቸው ምን ያህል እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ሰባት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ የመጣው የሴቶቹ ስም ሳይሆን የባሎቻቸው ነው ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ፤ መደብዘዙን አይቼ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ሲጸድቅ ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ገንቦዎቻቸውን ከጣሪያቸው ሥር ደርድረው ነበር። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ሴቶቹ ከሦስት ሰዓት በፊት በቦኖው ፊት ለፊት ወደ ሐይቁ ያልፉ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ቀልዱ ግን ቀረ። የከተማዎቹ ሴቶች እንኳ ሲያልፉ አይጣሯቸውም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ማስተካከያ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው። «በቀደመው ሪፖርቴ የተገለጸው ሳር የአራስ ቤት ምልክት መሆኑን ከስብሰባው በፊት አውቄ ሳለ አልተናገርኩም» ይላል። ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ይዤው ሁለት ጊዜ ቀበሌ ድረስ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ፤ የዚያን ቀን ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ወጣሁ። ወረቀቱ በላብ እጥፋቱ ላይ ተቀደደ፤ እንደገና አልገለበጥኩትም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ጋሼን፣ ጎርፍ የቀበረውን ቧንቧ አብረን ስንቆፍር፣ ያን ቀን ለምን ጠንከር ብለው እንዳልተከራከሩ ጠየቅኳቸው። የራሴን ጥፋት ለሁለት ልከፍለው ፈልጌ ይሆናል። አካፋቸውን አቁመው አዩኝ።

«ሪፖርትህ ላይ ስህተት ፈልጌ አጣሁ» አሉኝና መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ወደዚያ መንደር አልሄድኩም። ከቦኖው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅኩም፤ የቆጣሪ ሽርፍራፊ የምመዘግብ ሰው ይህን አልጠየቅኩም። አራስ ቤቱ በእነዚያ ሳምንታት ውሃ ከየት እንዳገኘ፣ ገንቦው መዞሩን ቀጥሎ እንደሆነ፣ ወይስ ሴቶቹ የሐይቁ መንገድ ርቋቸው ትተውት እንደሆነ አላውቅም። ማወቅ የሚገባኝ ይህ ነበር፤ የማውቀው ግን የገንቦውን የተሰበረ ጆሮ ነው።

ይህን የምጽፈው የማስታውሰውን ሁሉ በልኬ ጽፌ ሌላው እንዲቀበለኝ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ከግራሩ ሥር የነበራችሁ፣ ጋሼም፣ አብዮት ጠባቂ የነበርከው ወንድሜም፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም፣ እናንተም በተራችሁ ገንቦውን የተሸከማችሁ ዘጠኝ ሴቶች፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። የተሳሳትኩትን አርሙ። እኔ ዝም ባልኩበት ቦታ የተባለ ነገር ካለ ተናገሩ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ንገሩኝ፤ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ለአራሷ ማን ቀዳላት? ከየትስ ቀዳላት?